አፉን ያልፈታ፣ የሚያስቸግር ልጅ፦ ቤት ውስጥ ከየት እንጀምር?

ልጃችሁ ሦስት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታም። ስሙን ስትጠሩት ዞር አይልም። መኪና ብትገዙለት አይነዳትም፤ ገልብጦ ጎማዋን ሲያሽከረክር ይውላል። የሆነ ነገር ሲከለከል ደግሞ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል፣ እጁን ይነክሳል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ዘመድ «አሞላቃችሁት» ይላል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል። አያት ደግሞ «አባቱም እኮ እስከ አምስት ዓመቱ አልተናገረም፣ ተዉት» ይላሉ። እናንተ መሃል ላይ ናችሁ። ሌሊቱን አልተኛችሁም፣ ነገ ደግሞ ሥራ አለ።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም ኦቲዝም፣ ማለትም ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአንጎል ዕድገት ልዩነት፣ ያለበት ልጅ እናት ነኝ። ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው፦ የሚያስቸግረን ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በአፉ ሊነግረን ያልቻለው ነገር ነው። ስለዚህ «ይህን አመል እንዴት ላስተወው» ከማለታችን በፊት «ምን እያለኝ ነው? እሱንስ በሌላ መንገድ እንዲለኝ እንዴት ላስተምረው?» እንበል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው። ዳውን ሲንድረም ላለበት፣ የአእምሮ ዕድገቱ ለዘገየ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ለማይችል ልጅም ይሠራል።

ጆሮው ይታይ፣ ከዚያ ሐኪም

ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም። በደንብ የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ አይናገርምም። ስለዚህ የጆሮ ምርመራ ይቅደም። «በር ሲንኳኳ ይሰማል እኮ» ብላችሁ አትለፉት፤ በር ሲንኳኳ እየሰማ የንግግር ድምፆችን ግን በደንብ የማይለይ ልጅ አለ።

ቀጥሎ የልጆች ሐኪም ነው። አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓመት ከመንፈቅ እየሆነው የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ»፣ «አባ መጣ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ መታየት አለበት። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሳይውል ሳያድር ይታይ። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ልጁ በጣም የሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የልጆች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣሉ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ። ስትሄዱ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። ሲጫወት አንድ፣ ሲናደድ አንድ፣ ስሙን ስትጠሩት አንድ። ክሊኒክ ውስጥ ልጁ ወይ ይፈዛል ወይ ሲያለቅስ ሰዓቱ ያልቃል፤ ሐኪሙ ቤት ውስጥ ያለውን ልጅ ማየት የሚችለው እናንተ ካሳያችሁት ነው።

ስለ መነሻው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ እናት በዚህ ነገር ውስጥ ውስጡን ታልቃለች። ኦቲዝም እርግማን አይደለም። ቡዳ አይደለም። እርጉዝ ሳላችሁ ስለደነገጣችሁ ወይም ስላለቀሳችሁ አልመጣም። በክትባትም አይመጣም። አንጎል ከሚያድግበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፣ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። እንግዲህ ሰፈራችሁ ውስጥ ሌላም አለ ማለት ነው፤ ምናልባት በር ተዘግቶበት ይሆናል።

ጸበል መውሰድ፣ ዱአ ማስደረግ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ለወላጅም ብርታት ይሰጣል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ የሚጥል በሽታም ካለበትና መድኃኒት ከጀመረ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጡ ብሶ ሊመጣና ሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ኦቲዝምን ራሱን የሚያድን መድኃኒት የለም። «አድናለሁ» ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው፣ ነጭ ጋወን ቢለብስም፣ አትመኑ።

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያስተምሩ ማዕከላት ጥቂት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ሥራ ነው። ወላጅ ካልተነሣ ቦታው አይኖርም ነበር። አሁንም ተራ የሚጠብቀው ቦታ ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ስለዚህ ተመዝግባችሁ እየጠበቃችሁ ቤት ውስጥ ጀምሩ። ይህ የማጽናኛ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ለሚያንስባቸው አገሮች ብሎ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። እኔ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር በእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ወላጆች የሚማሩት ነው።

ደብተር ግዙ

ባለ 32 ገጽ ደብተር ይበቃል። ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ከመናደዱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ እኛ ምን አደረግን። ሰዓቱንም ጻፉ። አንድ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ሞኝነት ይመስላል፤ ገጹ ሲሞላ ግን ነገሩ ራሱ ይናገራል።

አንዲት የማውቃት እናት አለች። የአምስት ዓመት ልጇ ወደ 10 ሰዓት ገደማ እጁን እስኪደማ ይነክስ ነበር። መክሰስ ሰዓቱ ደርሶ ርቦት ነው ብላ ዳቦ ትሰጠዋለች፣ ይወረውረዋል። መጻፍ ስትጀምር ግን አንድ ነገር ታያት፦ ቡና ያልተፈላ ቀን ንክሻ የለም። ከዚያ በደንብ ማየት ጀመረች። ቡናው መቆላት ሲጀምር ልጁ ጆሮውን ይዞ ጥግ ይገባል፤ ማንም ልብ አይለውም። ጭሱ ሲበዛ፣ እጣኑ ሲጨመር፣ ሙቀጫው ሲወቀጥ፣ ጎረቤቶቹ ገብተው ሳቅና ጨዋታው ሲደምቅ እጁን ይነክሳል። ያኔ እናቱ ደንግጣ ትነሣና አቅፋው ወደ ውጭ ትወጣለች። ልጁ ምን ተማረ? እጄን ስነክስ ከዚህ ያወጡኛል።

ቡናውን መተው አላስፈለጋትም፤ ቡና እኮ የእሷም እስትንፋስ ነው። ቡናው መቆላት ከመጀመሩ በፊት ልጁ ከታላቅ እህቱ ጋር ግቢ መውጣት ጀመረ። እጣኑ በረንዳ ላይ መጨስ ጀመረ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አስተማሩት፦ በሩን መታ መታ ማድረግ። እህቱ እጁን ይዛ በሩን ታስነካዋለች፣ «ውጭ» ትላለች፣ ወዲያው በሩ ይከፈታል። ደጋግመው፣ ደጋግመው። ውሎ አድሮ ጭሱ ሲሸተው ራሱ ሄዶ በሩን መታ። ንክሻው በአንድ ቀን አልጠፋም፣ ግን እየሳሳ ሄደ፤ ምክንያቱም ሌላ መናገሪያ አግኝቷል።

ደብተራችሁን ስታነቡ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገር አንዱ ነው። የሚፈልገው ነገር አለ፤ ወይም ከሆነ ነገር ማምለጥ ይፈልጋል፤ ወይም «እዩኝ» እያለ ነው፤ ወይም ነገሩ ራሱ ለሰውነቱ ደስ ይለዋል፣ እንደ መሽከርከር፣ እንደ መዝለል። አንዱ ጩኸት ለስልክ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ጩኸት ደግሞ ከፀጉር ቤት ማሽን ለመሸሽ። መፍትሔያቸው የተለያየ ነው፤ ለዚህ ነው ሳይጻፍ መገመት የማይበጀው። ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ከተቀየረ ደግሞ መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት። የማይናገር ልጅ ጥርሱን ሲያመው ራሱን ይመታል እንጂ «ጥርሴን» አይልም።

መናገሪያ ስጡት

የሚወደውን ነገር ሁሉ እጁ በሚደርስበት ቦታ አታስቀምጡ። ብስኩቱን፣ ኳሱን፣ ፊኛውን በሚያየው ግን በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ሲመጣ ወዲያው አንሥታችሁ አትስጡት። አጠገቡ በርከክ በሉ፣ ዓይኑ እንዲያያችሁ፣ እና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። እጃችሁን ሊጎትት፣ ሊያይ፣ ሊያመለክት፣ «ብ» ሊል ይችላል። ማንኛውንም ሙከራ ተቀበሉ፣ ቃሉን በግልጽ በሉለት፣ «ብስኩት!»፣ እና ወዲያው ስጡት። «ብስኩት በል፣ ካላልክ አልሰጥህም» እያሉ ማስጨነቅ ልጁን ያሸሸዋል።

እናንተ ስታወሩት አሳጥሩ። ምንም ለማይናገር ልጅ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ለሚናገር ሁለት ቃል። «ና አሁን ጫማህን አድርግና ቶሎ እንሂድ ታክሲው ሊያመልጠን ነው» የሚለው ለእሱ ሁሉም ጫጫታ ነው። «ጫማ» ብላችሁ ጫማውን አሳዩት።

ሥዕልም ይሠራል። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን አልጋ፣ የመጸዳጃ ቤታችሁን በር፣ የሚወደውን ምግብ በስልክ ፎቶ አንሡና ፎቶ ቤት አሳትሙ። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ላይ ወይም በር ላይ ለጥፉ። ውሃ ሲፈልግ የኩባያውን ፎቶ እንዲሰጣችሁ እጁን ይዛችሁ አለማምዱት። «ሥዕል ካስለመድነው መናገር ይተዋል» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። እውነት አይደለም፤ ሥዕልና ምልክት ንግግርን አያግዱም፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያግዛሉ።

በየቀኑ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ስልካችሁን አስቀምጡና መሬት ላይ አብራችሁት ተቀመጡ። ጨዋታውን እሱ ይምራ። ጎማ የሚያሽከረክር ከሆነ እናንተም ሌላ ጎማ ይዛችሁ አሽከርክሩ። ክዳን የሚደረድር ከሆነ ክዳን አቀብሉት። በመሃል ቀና ብሎ ያያችኋል። ያቺ እይታ ትልቅ ነገር ናት፤ ፈገግ በሉለት፣ ቃል ስጡት። ልጅን ማስተማር የሚቻለው አብሮን መሆን ደስ ሲለው ነው፣ ሲፈራን አይደለም።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ፦ «ልጁ ንግግር ስለዘገየ አማርኛውን ተዉና በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ከተባላችሁ አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ የንግግር መዘግየትንም አያባብስም። እናት በሰባራ እንግሊዝኛ ከምታወራው ልቧ በሚፈስስበት ቋንቋ ብታወራው ልጁ ብዙ ያገኛል፤ አያቱን በስልክ ማናገርም ይቀረዋል ካልሆነ። አሜሪካ ውስጥ ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ግዛቱ የሚሰጠው «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባል፣ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ቶሎ የሚረዳ አገልግሎት አለ። ሦስት ከሞላው ደግሞ ለሰፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር «ልጄ ይመርመርልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ምርመራው ነጻ ነው። የልጁ የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ያልገባችሁን ወረቀት እዚያው አትፈርሙ።

ቀኑ የታወቀ ይሁን

እነዚህ ልጆች የሚመጣውን ሳያውቁ ሲቀሩ ይጨነቃሉ። መነሣት፣ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ጨዋታ፤ ቅደም ተከተሉ በየቀኑ ተመሳሳይ ይሁን፣ በፎቶም ተደርድሮ ይታይ። የማይወደውን ነገር ከሚወደው ፊት አስቀድሙ፦ «መጀመሪያ መታጠብ፣ ከዚያ ኳስ።» ከዚያ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። ኳሱን አንዴ ከካዳችሁት ሁለተኛ አያምናችሁም።

የኛ አገር ቀን ግን ይሰበራል። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይሄዳል፣ እንግዳ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ቤቱ ከተናወጠ፣ መብራት እያለ አለማምዱት። «መብራት ጠፋ» የሚል ፎቶ አዘጋጁ፣ የጠፋ አምፖል ወይም የበራ ሻማ ያለበት። እናንተው ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ፎቶውን አሳዩት፣ ለዚህ ሰዓት ብቻ የምትወጣ መጫወቻ አውጡ፣ የእጅ ባትሪ ቢሆንም። ከአጭር ጊዜ በኋላ አብሩ። እያደር ጊዜውን አርዝሙ። እውነተኛው ሲመጣ ፎቶውንና ባትሪውን ያውቃቸዋል።

አዲስ ነገር ስታስተምሩትም በትንሽ በትንሹ ነው። ሱሪ መልበስን ውሰዱ። እናንተ እግሩን አስገቡ፣ እስከ ጭኑ ሳቡ፣ የመጨረሻዋን ወደ ወገብ መሳብ ብቻ ለእሱ ተዉለት። ሳበ? «ጎበዝ! ሱሪ ለበስክ!» እሷን ሲችል ከጉልበቱ ጀምሮ እንዲስብ፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ። ከመጨረሻው ወደ ኋላ የምንሄደው ሁልጊዜ «ጨረስኩ» በሚል ደስታ እንዲያበቃ ነው። ስታሞግሱም ያደረገውን ነገር ጥቀሱ፤ «ጎበዝ» ብቻ ከሆነ ምኑ እንደተወደደለት አያውቅም።

ሲፈነዳ

እየጮኸ እያለ ምንም አታስተምሩ፤ በዚያ ሰዓት አይሰማም። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ወሬ ቀንሱ፣ የሚጎዳውን ነገር አንሡ፣ ሰው አርቁ። ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጭ ከሆነ ትራስ ወይም መዳፋችሁን መሃል አስገቡ። አንዳንዱ ልጅ ጥብቅ አድርገው ሲያቅፉት ይረጋጋል፣ አንዳንዱ ሲነኩት ይብስበታል፤ የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። ራሱን ደጋግሞ የሚያቆስል ልጅ ግን በቤት ዘዴ ብቻ አይያዝ፣ ሐኪም ይየው።

ጩኸቱ ለስልክ መሆኑን ደብተሩ ከነገራችሁ፣ ሲጮህ አትስጡት። ተረጋግቶ በሥዕል ወይም በእጁ ሲጠይቅ ስጡት። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሰናከላል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ እወቁት፦ መስጠት ስታቆሙ ጩኸቱ መጀመሪያ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ድሮ ይሠራ የነበረው ለምን አልሠራም ብሎ አጥብቆ ይሞክራል። በዚያ ቀን ተሸንፋችሁ ከሰጣችሁት፣ «ለካ የበለጠ መጮህ ነበረብኝ» ብሎ ይማራል። ስለዚህ እናት፣ አባት፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር ሳትስማሙ አትጀምሩት። አንድ ጠባይ ብቻ ምረጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትችሉትም።

ዱላ፣ ቁንጥጫ፣ በርበሬ ማጠን፣ ክፍል ውስጥ መቆለፍ፣ ማሰር፤ አንዳቸውም አይሠሩም፣ ሁሉም ይጎዳሉ። ልጁ ለምን እንደተመታ አያገናኘውም። የሚማረው ሲናደዱ መምታትን ነው፤ ያንን ደግሞ ታናሹ ላይ ይሞክረዋል። በር ከፍቶ የሚጠፋ ልጅ ካላችሁና ማሰር የመጣላችሁ ከፍርሃት ከሆነ፣ ከፍርሃታችሁ ጋር አልጣላም። የግቢው በር ላይ እጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ መቀርቀሪያ አስገጥሙ፣ ለሰፈር ባለሱቆች ፊቱን አሳዩ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ልብሱ ውስጥ ስፉለት።

ሚኒባስ ውስጥ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁና ለምዳችሁት ያዙ። እኔ «ኦቲዝም አለበት፣ ድምፅ በዝቶበት ነው፣ አሁን ይረጋጋል» እላለሁ። አብዛኛው ሰው «አይዞሽ እናቴ» ይላል። ረዳቱም ሙዚቃውን ዝቅ ያደርጋል።

ሌላው ሰው ይያዘው

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ልጁን የሚያውቅ ከሆነ ያ ሰው ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እናት ናት፣ ሥራዋን ትታ። አባቶች፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍላችሁ ብቻ አትቅሩ፤ ማታ የምታስተኙት እናንተ ሁኑ። ለእህትና ወንድሞቹም የእነሱ ብቻ የሆነ ሰዓት ይኑራቸው። ጎበዞች ስለሆኑ ብቻ ተረስተው የሚያድጉ ልጆች አሉ።

አያቶችን በክርክር አታሸንፏቸውም። «እማዬ፣ ይቺን አንድ ነገር ብቻ አስተምሪልኝ» በሏቸው። የኩባያውን ፎቶ ስጧቸው። ልጁ ፎቶውን አምጥቶ ሲሰጣቸው ከእናንተ በላይ እሳቸው ለሰው ያወሩታል።

ትምህርት ቤት ስታስገቡት ደግሞ ለመምህሯ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። ረጅም የሕክምና ታሪክ አይሁን፤ ሠላሳና አርባ ልጅ የያዘች መምህር አታነበውም። እንዲህ ይሁን፦ «ስሙን ጠርተው ትከሻውን ነካ ያድርጉት፣ ያኔ ይዞራል። ደወል ያስደነግጠዋል፤ ከመደወሉ በፊት ጆሮውን እንዲይዝ ያሳዩት። የሚወደው ኳስና ቁጥር ነው። ሲጨንቀው መጀመሪያ ጣቶቹን ያፍተለትላል፤ ያኔ በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡት፣ ከዚያ ካለፈ ይጮሃል። ሽንቱ ሲመጣ ሱሪውን ይይዛል። አይናገርም፣ ወዲያው ይውሰዱት።»